ያልረገጠው በሬ

ባለቤቴ ደሞዝ የሞተ በሬ አረደ። ይህችን አንዲት ነገር ከአፌ ለማውጣት አምስት ቀን ፈጀብኝ። በአምስቱ ቀን ውስጥ አንዲት አሮጊት ቀበርን፣ አንዲት ሕፃን በእናቷ እቅፍ ወደ ጋምቤላ ከተማ ተወሰደች፣ ምንም የማያውቅ አንድ ሰው ደግሞ ከነቤቱ ሊቃጠል ለጥቂት ተረፈ። ስለዚህ «አይዞሽ» ሊለኝ የሚፈልግ ካለ ከወዲሁ አፉን ይያዝ። አይዞሽ የሚያስብል ሥራ አልሠራሁም።

መንደራችን ከአቦቦ ወደ ጎግ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በሰባ ሰባት ከወሎ በአንቶኖቭ ጭነው ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ካራገፉን በኋላ፣ በመኪና አምጥተው እዚህ ጫካ ውስጥ ሲያሰፍሩን ለመንደሩ ስም እንኳ አልሰጡትም። ቁጥር ሰጡት፤ ዛሬም የምንጠራው በቁጥሩ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ መጣ፣ አብሮ በወባ አለቀ፣ የተረፈውም አብሮ ያርሳል። የሚለየን ቢላዋ ብቻ ነው። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም። በዚህ ምክንያት የተጣላ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ አላየሁም።

እናቴ በመጣን በሦስተኛው ወር ስትሞት ምሳዬን ስታበላ ያሳደገችኝ የሷሊህ እናት ናት። ሥጋ በሠራች ቀን ለእኔ ለብቻዬ በሌላ ድስት ሽሮ ትጥድልኝ ነበር። ድስቱ የእኔ ነበር፤ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። «የአባትሽን ሃይማኖት አላስጥስሽም» ትለኝ ነበር። ሷሊህ ያኔ እንደ እኔው ልጅ ነበር፤ እስካሁን ድረስ «ጥሩዬ» እንጂ ጥሩነሽ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ሷሊህና ባለቤቴ መቀናጆ ናቸው። እሱ አንድ በሬ አለው፣ እኛ አንድ በሬ ነበረን፤ ሁለቱን እየጠመዱ አንድ ሳምንት የእሱን፣ አንድ ሳምንት የእኛን ያርሳሉ። እዚህ አገር ሁለት በሬ ያለው ሰው ሀብታም ነው፤ ገንዲ የሚባለው የዝንብ በሽታ ከብት አያከርምም። ከብት በከሳ ቁጥር፣ ፀጉሩ በቆመ ቁጥር፣ በወደቀ ቁጥር «ገንዲ ነው» እንላለን። የመድኃኒቱን ዱቄት ከገበያ ገዝተን፣ በውሃ በጥብጠን፣ ራሳችን እንወጋለን። ሁሉም የከብት ሐኪም ነው በእኛ መንደር።

እውነተኛዋ ሐኪም የመጣችው በግንቦት ነው። ኛቾል ትባላለች፤ ኑዌር ናት፤ የክትባት ሳጥኗን ሞተር ሳይክል ላይ አስራ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቷ ለጥፎባት ደረሰች። ማንጎው ሥር ሰበሰበችን።

«አባ ሰንጋ ያለበት ቦታ ነው ይሄ» አለች። «አፈር ውስጥ ይቆያል። ጎርፍ ያወጣዋል። ከብት ይግጣል፣ ይሞታል። ዛሬ ልከትብ መጣሁ። ካልተከተበ ደግሞ፣ በድንገት የሞተ ከብት አትክፈቱ። ቆዳ አትግፈፉ። ሥጋ አትብሉ። ጠልቆ ይቀበር። እኔን ጥሩኝ።»

ደሞዝ ሳቀባት። «ደግሞ ለበሬ ተዝካር አውጡ በይና!» ሰዉ ሁሉ አውካካ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም።

ልጅቷ አልሳቀችም። «እኛም ሰፈር እንደ እናንተ ሳቁ፣ አባቴ» አለችው። «የሞተውን በሉ። አጎቴ ሞተ። ስለዚህ ነው ይሄን የተማርኩት።»

ደሞዝ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የእርሻ ወቅት ነው፣ የተከተበ በሬ ደግሞ ማረፍ አለበት። ሷሊህ ግን በሬውን አስከተበ። የአንዱ በሬ ሲያርፍ የሌላው ብቻውን አያርስምና፣ የእኛም በሬ ቦራ ያለ ሥራ ቆመ። ባለቤቴ ደሙ ፈላ። በዚያው ማንጎ ሥር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ለአንዲት ኑዌር ወሬ ብለህ እርሻዬን አስተጓጎልክ» ብሎ ሰደበው። ሷሊህም ትዕግሥቱ አለቀና «ያንተ በሬ የወደቀ ቀን እንተያያለን» አለው። በንዴት የተነገረ ነገር ነው። ሰው ግን የሚያስታውሰው እንዲህ ዓይነቱን ነው።

ነሐሴ አሥራ አምስት፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቦራ ወደቀ። ጠዋት ጎርፉ የሸሸበት ሜዳ ላይ ሲግጥ ደህና ነበር። ከቀትር በኋላ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ከዚያ በጓሯችን በኩል ተንገዳግዶ መጥቶ ዘጭ አለ። ደሞዝ «ገንዲ! ገንዲ ነው!» እያለ መርፌውን ሊያመጣ ሮጠ። እኔ አጠገቡ ቆምኩ። ቦራ አንዴ ተንፈራገጠ፣ እግሮቹን ዘረጋ፣ ዝም አለ። ከአፍንጫው ጥቁር ደም ወጣ። ዝንብ መጥታ የዓይኑ ብሌን ላይ አረፈች። ሽፋሽፍቱ አልተንቀሳቀሰም። ዝንቧ በብሌኑ ላይ ሄደች፣ ተመለሰች። በሬያችን ሞቷል።

ደሞዝ መርፌውን ይዞ ሲመጣ አየው። መርፌውን ወረወረና «ቢላዋ!» ብሎ ጮኸ። «ቢላዋ አምጪ፣ በክት ሳይሆን!»

እንዲህ ነው ያደግነው። ቢላዋ ሳይነካው የሞተ ከብት በክት ነው፤ የበላው ረክሷል፣ ንስሐ ይገባል። ቢላዋ ከደረሰለት ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ የታመመ በሬ ሲወድቅ የመንደራችን ሰው ሁሉ ሩጫው አንድ ነው፤ ከሞት ቀድሞ አንገቱ ላይ መድረስ። ከደረሱለት በኋላ ምን ገደለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቢላዋ በሽታውንም አብሮ የሚያርደው ይመስለናል።

ቢላዋውን አመጣሁ። እኔ ነኝ ያመጣሁት። ጎረቤታችን ረታ ጩኸቱን ሰምቶ አጥር ዘልሎ መጣ፤ ሳይጠየቅ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን የኋላ እግሮች ጨምቆ ያዘ። ደሞዝ «በስመ አብ» ብሎ አረደ። የታረደ በሬ ደሙ እንዴት እንደሚፈናጠቅ የማያውቅ ሰው የለም። ይሄኛው አልተፈናጠቀም። እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ ቀስ እያለ ወረደ፣ መሬት ላይ ቆየ፣ አልረጋም። ረታ እግሮቹን እንደያዘ ቀና ብሎ ደሞዝን አየው። ደሞዝ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እግሩ ተሰብሮ ነው» አለ ደሞዝ።

«አዎ» አለ ረታ። «ቦይ ውስጥ ገብቶ ነው።»

በቃ። ሦስት ሰው በሁለት ቃል ተማማለ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ሽሮና ጎመን ስንበላ የከረምን ሰዎች ነን፤ በመንደሩ ለማግስቱ የሚታረድ በሬ አልነበረም፤ በሬው ደግሞ ትልቅ ነበር። አሥራ ሁለት ቤት ቅርጫ ገባ። ቅጠል ላይ አሥራ ሁለት መደብ ተደለደለ፣ ዕጣ ተጣለ፣ ሰው እየመረቀን ወሰደ። አሮጊቷ እሙዬ «የደሞዝን ቤት ይባርክ፣ ጾማችንን በሥጋ አስፈታን» ብላ እጄን ሳመችኝ። ጣፊያው ሲወጣ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ ሲነኩት ይፈርሳል። ደሞዝ ለውሻ ወረወረው። እኔ ጨጓራውን አጠብኩ፤ አውራ ጣቴን የሽንኩርት ቢላዋ ቆርጦኝ ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ መንደሩ ሁሉ በላ። ረታ የሰባት ዓመት ልጁን ሶሊን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጥሬ ጉበት እየቆረጠ ሲያጎርሳት በአጥር ሽንቁር አየሁ። እኔ አልበላሁም፤ ሆዴን አሞኛል አልኩ። አለመብላቴን እንደ ጽድቅ የሚቆጥርልኝ ካለ ተሳስቷል። ሳልበላ ዝም ያልኩት እኔ በልተው ዝም ካሉት እብሳለሁ።

በሁለተኛው ቀን ሶሊ አንገቷ አበጠ፣ ደም ያስቀምጣት ጀመር። እሙዬ ተኛች። ሦስት ሌሎች ቤቶች ውስጥ ሰው ማስታወክ ጀመረ። የረታ ሚስት መሰረት ልጇን ይዛ በተገኘው መኪና ወደ ጋምቤላ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያ ቃል ተነሳ፤ ማን እንዳነሳው አላውቅም። መርዝ።

ነገሩ ሁሉ ገጠመላቸው። የታመሙት ክርስቲያኖች ብቻ ናቸው። ከሙስሊሞቹ ቤት አንድ ሰው ራሱን እንኳ አላመመውም። እንዴት ያመዋል? ቢላዋው የእኛ ነው፤ አልበሉም! ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም ነበር። ግን ሰው የፈራ ጊዜ የሚያስበው በአእምሮው አይደለም። በግንቦት ሷሊህ የተናገረው ተመዘዘ። «ያንተ በሬ የወደቀ ቀን እንተያያለን ብሎ የለ? ይኸው ወደቀ።» የአንዱ በሬ ሞቶ የመቀናጆው በሬ በደህና መጋጡ ሌላ ማስረጃ ሆነ።

ደሞዝን ጠየቁት። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። ሠላሳ ዓመት አብሮት የጠመደውን ሰው በሦስት ቃል ሸጠው። ቤት ስገባ ጮህኩበት፤ «ዝም በይ» አለኝ። «በክት አበላን ልትይ ነው? ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንቆምም። እድር ያወጣናል። ስንሞት የሚቀብረን የለም። ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር፣ እኔ አይቻለሁ።» ዓይኔን ማየት ግን አልቻለም። እኔም ምላሴን ዋጥኩ። አወይ እኔ።

በነጋታው ጠዋት የውሃው ፓምፕ ጋ የሷሊህ ሚስት ወረፋ ይዛ ነበር። አንዷ ጀሪካኗን በእግሯ ገፋችው፤ ሌላዋ አነሳችና ጭቃ ውስጥ ወረወረችው። «መጀመሪያ ሥጋውን፣ አሁን ደግሞ ውሃውን ልትጨምሩበት ነው?» አሏት። ሴትዮዋ ከሴቶቹ መሀል እኔን ፈልጋ አገኘችኝ። አየችኝ። የእኔ ዕቃ እየሞላ ነበር፤ ሲሞላ አንስቼ ሄድኩ። በሕይወቴ ብዙ ክፉ ነገር ሠርቻለሁ፤ እንደዚያች ጀሪካን ግን የሚያንገበግበኝ የለም።

የዚያን ቀን እሙዬ ሞተች። በሕጉ ቀበርናት። የሳመችው እጄ ላይ፣ ቢላዋ አውራ ጣቴን የቆረጠኝ ቦታ፣ ትንኝ የነከሰኝ የመሰለ ነገር ያሳክከኝ ጀምሮ ነበር። በማግስቱ ውሃ ቋጠረ፤ ከዚያ መሀሉ ከሰል መሰለ፣ ዙሪያው አበጠ። አያምም። መጀመሪያ አለማመሙ ደስ አለኝ። በነጠላዬ ሸፈንኩት።

ሷሊህ አልሸሸም። ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። በቆሎውን ጎረምሶች አጭደውበታል፣ በሩ ላይ ድንጋይ ተወርውሯል። አንድ ጊዜ ብቻ ተነሳ፤ ወደ ኩይሳው ሄደ። ከማንጎው አጠገብ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ አለን፤ ኔትዎርክ የሚገኘው ጫፉ ላይ ወጥቶ ብቻ ነው፣ እሱም ካልጮኹ አይሰማም። በእኛ መንደር በስልክ የሚያዝ ምስጢር የለም። ማን ልጁን እንደዳረ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ሁላችንም የምንሰማው ከዚያ ነው። ሷሊህ ወጥቶ «ዶክተር ኛቾል! ሰው እየሞተ ነው፣ ነይ!» ብሎ ሲጮኽ መንደሩ ሰማ። ከኋላው ተተፋበት።

ነሐሴ ሃያ ኛቾል መጣች። በቀጥታ ወደ እኛ ቤት ነው የመጣችው። ደሞዝ በር ላይ ቆመባት።

«በሬው እንዴት ሞተ፣ አባቴ?»

«አልሞተም፤ ታረደ። እግሩ ተሰብሮ ነው።»

«ደሙ ረጋ?»

«ምን አገባሽ? ኑዌር መጥታ ስለ በሬዬ ልትመረምረኝ ነው?»

ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ስድቡን ለምዳዋለች። በትከሻው አሻግራ ጓሮ ላይ የተወጠረውን የቦራን ቆዳ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ነጠላዬ ተንሸራቶ ነበር።

«ያመሻል፣ እናቴ?»

«አያመኝም።»

«ስለማያም ነው ሰው የሚንቀው» አለች። «መድኃኒት አለው። ቶሎ ከሆነ ይድናል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋምቤላ ያለችው ልጅ መርዝ በላች ተብሎ ነው የተነገረው። ሐኪም የተነገረውን ያክማል። የዚህ መድኃኒት ሌላ ነው። ሆስፒታሉ ደወልኩ፣ አባ ሰንጋ ይሆናል አልኩ። እናትየው ግን እንቢ አለች፤ በሬው ጤነኛ ነበር፣ እግሩ ነው የተሰበረው ብላ። ያየ ሰው ይናገር። ዛሬ።»

ደሞዝ በሩን ዘጋባት። እሷ ወደ ማንጎው ሄደች፤ ከዚያ በኩል የወንዶች ጩኸት ይሰማ ነበር። ደሞዝ ዞሮ «ከዚህ ቤት ትወጪና» አለኝ። አልጨረሰውም። ገፍቼው ወጣሁ።

ማንጎው ሥር መንደሩ ሁሉ ቆሟል። የቀበሌው ሊቀመንበርም አለ፤ መደብ የወሰደ ስለነበር እሱም ከሳሽ እንጂ ዳኛ አልነበረም። ጎረምሶቹ ጀሪካን ይዘዋል፤ ውሃ እንዳልሆነ ሽታው ይናገራል። መሀል ላይ የቆመው ረታ ነው። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ ሦስት ቀን አልተኛም።

«የማን በሬ ሞተ?» ይላል። «የደሞዝ! የማን በሬ ቆሞ ይግጣል? የሷሊህ! ማን ታመመ? የበላነው! ማን ደህና ሆነ? ያልበሉት! ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ? በሬውን አንድ ነገር አብልቶ ነው ቦይ ውስጥ የከተተው። ልጄ እየሞተች ነው!»

ኛቾል በሽታ ነው፣ አባ ሰንጋ ነው፣ የሷሊህ በሬ የተረፈው ስለተከተበ ነው አለች። ግን መች አስጨረሷት! «ስንት ሰጠሽ?» አሏት። «አንቺን የጠራሽ እሱ አይደለም እንዴ?» አንዱ ትከሻዋን ገፋት። ጀሪካን የያዙት ወደ ሷሊህ ቤት መንቀሳቀስ ጀመሩ። ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሷሊህ ከተቀመጠበት ሲነሳ፣ ዱላውን ሲያነሳ ከዚህ ይታየኛል።

መሀል ገባሁ። ነጠላዬን ገልጬ እጄን ዘረጋሁ።

«እዩት» አልኩ። «ጨጓራውን ያጠብኩበት እጅ ነው። ይህን ሷሊህ አልሰጠኝም። ቦራ እግሩ አልተሰበረም። በሽታ ገድሎት ነው። ቢላዋው ሳይደርስ ሞቷል። በክት ነው ያበላናችሁ።»

ከዚያ ስድቡ ወረደ። አንዷ ምድር ላይ ተፋች፤ አንዷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ልታስመልስ ሮጠች። ደሞዝ ከኋላዬ ደርሶ «አብዳለች! ትኩሳት ነው የሚያናግራት!» እያለ ይጮኻል።

«የሙስሊም ድስት በልታ ያደገች» አለ አንዱ። «ለእነሱ ነው የምትመሰክረው።»

ያኔ እሳት ሆንኩ። ያቺን ድስት በአፉ ሲጠራት አልቻልኩም። ወደ ተናጋሪው አልሄድኩም፤ ወደ ረታ ሄድኩ። ትንፋሼ እስኪነካው ተጠጋሁት።

«ረታ» አልኩት። «የኋላ እግሮቹን የያዝከው አንተ ነህ። አብረን ነበርን። እዚህ መንደር በሬ ሲታረድ እግር ይዞ ያልተረገጠ ወንድ የለም። አንተንም ባለፈው ፋሲካ ጥርስህን የሰበረህ በሬ አለ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ቦራ ሲታረድ ረገጠህ?»

ረታ ዓይኑን ወደ ደሞዝ አዞረ።

«ረገጠህ ወይ?»

ሁሉም እሱን ያየዋል። እንባው ሳይታወቀው ወረደ። እሱን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ጠልቼው አላውቅም፣ እንደዚያም አዝኜለት አላውቅም። እኔ ቢያንስ በእጄ ማንንም አላጎረስኩም። እሱ ያንን በገዛ ጣቱ ያጎረሰውን ጉበት ከራሱ ለማራቅ የሰው ቤት ሊያቃጥል ነበር።

«አልረገጠኝም» አለ።

ድምፁ አልወጣም፤ ግን በቂ ነበር። ጀሪካኖቹ መሬት ተቀመጡ።

ኛቾል ጊዜ አልሰጠችውም። «ለሚስትህ ደውል» አለችው። «አሁን። ለሐኪሙ ትንገር።» ስልኩን ከኪሱ አውጥታ እጁ ላይ አስያዘችው፤ ሁሉም ዓይኑን ወደ ኩይሳው አዞረ። ረታ ወጣ። እየተንሸራተተ፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ ጫፉ ላይ ቆመ።

«ሃሎ! መሰረት! ሃሎ! ትሰሚኛለሽ?»

አትሰማም።

«መርዝ አይደለም በያቸው! በሬው ሞቶ ነው የታረደው!»

አልተሰማትም። በስልኩ ውስጥ «ምን? ምን አልከኝ?» የምትለው ለእኛ ሳይቀር ይሰማናል። ረታ አንድ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

«የሞተ በሬ ነው የበላችው! በክት ነው! አባ ሰንጋ ነው በያቸው! እያወቅሁ ነው! ያበላኋት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያበላኋት!»

ሦስት ጊዜ ደገመው፤ በሦስተኛው ሰማችው። ከስልኩ የወጣውን የእሷን ጩኸት አልጽፈውም።

ሶሊ በሃያ ሁለተኛው ቀን በእግሯ ተመለሰች፤ ይህን ግን ያን ቀን አላወቅንም። ያን ቀን ያወቅነው ማፈርን ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ከጤና ኬላው ለአሥራ ሁለቱም ቤት ኪኒን መጣ፣ ወረፋ ይዘን ዋጥን። ኛቾል ጓንት አድርጋ ቆዳውንና አጥንቱን አሰበሰበች፤ ደሞዝ ብቻውን ጉድጓድ ቆፈረ። ጎረምሶቹ ለሌላ ያመጡት ጋዝ ለቦራ ቆዳ ዋለ። ደሞዝ ሲቆፍር ወገቡን ይዞ ሲያርፍ አየሁ። አላገዝኩትም።

ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ሷሊህ ቤት ሄድኩ። በመንገዱ ላይ የምለውን ስደረድር ነበር። የተጨደውን በቆሎ አለፍኩ፣ በሩ ላይ የተወረወረውን ድንጋይ አለፍኩ። ሷሊህ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆሟል። ሚስቱ ከኋላው ያቺን ጭቃ የነካት ጀሪካን እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ሷሊህ» አልኩ። የደረደርኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

አየኝ። የእናቱ ዓይን ነው ያለው።

«ሦስት ቀን ሙሉ፣ ጥሩነሽ» አለኝ። ከዚያ ገባና በሩን ዘጋው።

እሱ የቆጠረው ስሙ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ ነው። ዝም ያልኩት አምስት ነበር። ላርመው አልደፈርኩም።